የአባት ስም?

ከደሴ 401 ኪሎ ሜትር ተንገላትቼ አዲስ አበባ ስደርስ ትከሻዬ ይቀለኛል። መርካቶ ውስጥ ማንም «የት አመሸሽ?» አይለኝም። ራጉኤልና አንዋር መስጊድ ጎን ለጎን ከሚሰሙበት ሰፈር አልጋ እይዛለሁ፤ ስልኬን አጠፋለሁ። ለሦስት ቀን የማንም ሚስት፣ የማንም እናት አይደለሁም። ነጻነት ማለት ይኸው ነው ብዬ ስምንት ዓመት ተመላለስኩ። ያለፈው ጉዞ ግን አምታታኝ።

ጨርቅ በጅምላ ከሚያከፋፍሉ አንድ አዛውንት ዘንድ አሥራ ሁለት ጣቃ መረጥኩ። ገንዘቤ ለሰባቱ ብቻ በቃ። «የቀረውን በዱቤ ቢሰጡኝስ?» አልኩ፣ እንደ ቀልድ። ቀና ብለው አዩኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ነፍሱን ይማረው፤ አንድ ቀን እንኳ አላስጠበቀኝም» ብለው መዝገቡን ሳቡት። መያዣ የለ፣ ዋስ የለ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ አንጀቴ አረረ። አባቴ እኮ «ሴት ልጅ መርካቶ ምን ትሠራለች?» እንዳለ ነው የሞተው! በአርባው ማግሥት ሽማግሎች ተሰብስበው ሱቁ ለወንድሞቼ እንዲሆን አግባቡኝ፤ «አንቺ ባል አለሽ» አሉኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በውርስ ሴትና ወንድ ልጅን አይለይም። ያው ሕግ ግን ባልን የቤቱ አለቃ አድርጎት ነበር፤ አዲሱ የቤተሰብ ሕግ የመጣው በ1992 ነው፣ የእኛ ክልል ደግሞ የራሱን ያወጣው በ1995። ሽማግሎቻችን ከአሮጌው ሕግ የተሻረውን ግማሽ በቃላቸው ይዘው፣ ያልተሻረውን ረስተውታል። ሰላም ይሻላል ብዬ ፈረምኩ። እጄን እስከ ዛሬ ይበላኛል።

ሌሊቱን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። እንግዲህ ስሙ የእኔ ድርሻ ነው አልኩ፤ እነሱ ሱቁን ወሰዱ፣ እኔ ስሙን፣ ተካፈልን። ይህ ግማሽ ሰዓት አጽናናኝ። ሱቅ ግን ይሸጣል፤ ከሸጡት በኋላ የሚጠይቅህ የለም። ስም አይሸጥም። ዕዳውን ባልከፍል የሚታማው መቃብር ውስጥ ያለው ሰው ነው። ታዲያ አምስቱን ጣቃ ማን ወሰደ? እኔ ወይስ እሱ? በከለከለኝ ሰው ታማኝነት የመጣ ነገር እንዴት ነጻነቴ ይሆናል?

እሱስ ቢሆን ጎረምሳ ሳለ መርካቶ ሲመጣ «የማን ልጅ ነህ?» ሳይባል ቀርቶ ነው? አንድም ሰው ሳያውቀው ዱቤ አልሰጠውም። ይህን ሳስብ ትንሽ ረጋሁ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ወንድ በአባቱ ስም ሲነግድ የጨዋ ልጅ ይባላል፤ ራሱን ቻለ ብለውም ይመርቁታል። እኔ ብቻ ነኝ እኩለ ሌሊት ላይ ራሴን ችሎት የማቆመው?

(ልጆቼ በዚያች ሰዓት እህቴ ቤት ነው የተኙት። እሷ መቼ ነው የምትጓዘው? ይህን ለሌላ ቀን አቆየሁት።)

ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ዱቤውን በራሴ ስም ይጻፉልኝ።»

ፈገግ አሉ። ስሜን ጻፉና ብዕሩን ሳያነሡ «የአባት ስም?» አሉኝ።

ሌላ ከየት ላምጣ? የባሌን ስም እንዳልጠራ አገሬ አላስለመደችኝም፤ ለዚህስ አመሰግናታለሁ መሰለኝ። እያወቁት ደገምኩላቸው። ከሥሩ ስልኬንም አስመዘገብኩ።

«ካልከፈልኩ የሚደውሉት ለእኔ ነው» አልኳቸው።

ስልኩ ግን ያን ጊዜም እንደጠፋ ነበር።