በሥራ መሣሪያ መጫወት ይገባልን?

በጽሕፈት ጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ የሚሥቅ ሰው ደመወዙን በከንቱ የሚበላ ይመስለናል። ይህ አሳብ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ለመመርመር ኢማክስ የተባለውን የኮምፒዩተር መጻፊያ ብንመለከት ይጠቅመናል።

ኢማክስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1976 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተጀመረ፤ ሪቻርድ ስቶልማን ያዘጋጀው ጂኤንዩ ኢማክስም በ1985 ወጣ። በዚህ መጻፊያ እያንዳንዱ ቍልፍ ከአንድ ትእዛዝ ጋራ የተያያዘ ነው፤ ትእዛዙንም ባለቤቱ ሊስፕ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጥቂት መሥመር ጽፎ፥ መጻፊያውን ሳይዘጋ እንደ ወደደ ይለውጠዋል።

ታዲያ ይህ ሥልጣን የተሰጣቸው ሰዎች ምን ሠሩበት? ብዙ ቁም ነገር ሠሩ፤ ደግሞም ተጫወቱ። አንዱ ከገጹ ግርጌ ድመት አስቀመጠ፤ ጸሓፊው ወደ ጽሑፉ መጨረሻ በተጓዘ መጠን ድመቷም ቀስተ ደመና እየጐተተች ትራመዳለች። ዞን የተባለው ደግሞ ጸሓፊው እጁን ሲያሳርፍ ተነሥቶ በመስኮቱ ያሉትን ፊደሎች እንዲያተራምስ ሊታዘዝ ይችላል፤ ቍልፍ ሲነካ ግን ሁሉም እንደ ነበረ ይገኛል፤ ከጽሑፉ አንዲት ነጥብ አትጐድልም።

ይህ ምን ይረባል? የሚል አይጠፋም። ድመቷን ለማስኬድ የፈለገ ሰው ጽሑፉ ስንት ፊደል እንዳለው፥ እርሱም በስንተኛው ላይ እንደ ቆመ መሣሪያውን መጠየቅ መማር አለበት። ይህን ያወቀ ሰው በማግሥቱ የሚያሰለቸውን የደብዳቤ አርእስት የሚጽፍለት ትእዛዝ ቢሠራ አያስደንቅም። ሆኖም ጨዋታውን በጥቅሙ ብቻ ልናጸድቀው አንሻም (ለጥቅም ብቻ የሚጫወት መጫወቱን ትቷል)። የሚበልጠው ነገር ሌላ ነው። የተሰጠውን ቅጽ ከዓመት እስከ ዓመት እንዳለ የሚሞላ ሰው መሣሪያውን እንደ አለቃው ይፈራዋል፤ ሊሥቅበት የደፈረ ግን ሰው የሠራውን ሰው ሊያሻሽለው እንደሚችል ዐውቋል።

ነገር ግን ጨዋታ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በኢማክስ ውስጥ ዶክተር የተባለ፥ የነገሩትን ሁሉ መልሶ የሚጠይቅ መጫወቻ አለ። አርኣያው ጆሴፍ ዋይዘንባውም በ1966 ያስታወቀው ኢላይዛ ነው። ኢላይዛ የተናጋሪውን ቃል ገለባብጦ ከመመለስ በቀር የሚያስተውለው አልነበረም፤ ሰዎች ግን የልባቸውን አጫወቱት፤ ሠሪው ራሱ በዚህ ደንግጦ በ1976 መጽሐፍ ጻፈበት። ድመቷ ሥዕል እንደ ሆነች ማንም አይስትም፤ ዶክተሩ ግን የተጨነቀ ሰው ያታልላል። እኛም ድንበሩን የምናኖረው በዚህ ላይ እንጂ በባከነው ሰዓት ላይ አይደለም።

በዚያው መጻፊያ የዓለም ልሳናት ሰላምታ የተሰበሰበበት ገጽ አለ። የአማርኛው ሰላምታ በእሳቱ ሰ ፈንታ በንጉሡ ሠ ተጽፏል። ከተማሪዎቻችን አንዱ ሁለቱ ፊደሎች በተለዋወጡ ቍጥር እንደ የኔታ የሚቈጣ ትንሽ መጫወቻ ቢሠራልን፥ ቍጣው ከዚያ ገጽ በጀመረ ነበር።