ቀኑ የማን ነው?

የአድዋ ጦርነት የተካሄደው እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያ ቀን ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ የካቲት 23ን ስናከብር ግን የፈረንጆቹን ካላንደር ብትከፍቱ ማርች 2 ይላል። ዓምናም ማርች 2 ነበር፣ ካቻምናም እንደዚያው። ታዲያ አንድ ጣልያናዊ የታሪክ ተማሪ ማርች 1 ላይ አድዋን ቢያስብ፣ እኛ ደግሞ በማግስቱ ብናከብር፣ የተሳሳተው ማን ነው?

ማንም አልተሳሳተም። ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች፣ ዝንፍ የለም። ፈረንጆቹም በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ አንድ ቀን ይጨምራሉ፤ ነገር ግን ዓመቱ በ100 የሚካፈል ከሆነ፣ በ400 ካልተካፈለ በቀር፣ ጭማሪውን ይተዉታል። ስለዚህ በ1900 አልጨመሩም፤ እኛ ጨመርን። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። በ2100ም እንደገና አይጨምሩም፤ በዚያ ዓመት የካቲት 23 ማርች 3 ላይ ይውላል። ጦርነቱ ያው ጦርነት፣ ተራራው ያው ተራራ፤ ቀኑ ብቻ ይንሸራተታል።

እኔ ሶፍትዌር ገንቢ ነኝ። ቀንን ከአንድ ካላንደር ወደ ሌላ የሚቀይር ኮድ መጻፍ ከሥራዬ አሰልቺ ክፍሎች አንዱ ነው፤ ግን ከሌላው ሁሉ በላይ ያሳሰበኝም እሱ ነው። ምክንያቱም ኮምፒውተር በውስጡ "ቀን" የሚባል ነገር የለውም። አብዛኛው ሲስተም የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች ነው። ቁጥሩ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ይጨምራል። ስክሪናችሁ ላይ "የካቲት 23" ተብሎ የሚታየው ከዚያ ቁጥር ላይ ሰው የጻፈው ሕግ ተተግብሮ ነው። ከእነዚያ ሰከንዶች መካከል አንድም ተመልሶ የሚመጣ የለም። "ዛሬ እኮ ያቺ ቀን ናት" ስንል በማሽኑ በኩል ምንም የተመለሰ ነገር የለም።

ታሪክም ይሄን ሕግ ሰው እንደሚጽፈው በደንብ ያሳያል። በ1582 ሮም ካላንደሯን ስታርም ኦክቶበር 4 ማታ የተኛ ሰው በማግስቱ የነቃው ኦክቶበር 15 ላይ ነው። ሼክስፒርና ሰርቫንቴስ ሁለቱም ኤፕሪል 23 ቀን 1616 ሞቱ ይባላል፤ ዩኔስኮ ኤፕሪል 23ን የመጽሐፍ ቀን ለማድረግ ከመረጠበት ምክንያትም አንዱ ይሄው ነው። ግን ስፔን በአዲሱ ካላንደር ስትቆጥር እንግሊዝ ገና በአሮጌው ነበረች። በአንድ ካላንደር ብንለካው በሁለቱ ሞት መካከል አሥር ቀን ገደማ አለ። የሩሲያው "የኦክቶበር አብዮት" ሲከበር የኖረው ኖቬምበር 7 ላይ ነው። ሳሞአ ደግሞ በ2011 የሰዓት ቀጠናዋን ስትቀይር ዲሴምበር 30ን ጭራሽ ዘለለችው፤ ከሐሙስ ቀጥሎ ቅዳሜ ሆነ።

እንግዲህ ጥያቄዬ እዚህ ጋ ይጀምራል። ቀን እንዲህ በወረቀት የሚቀየር ነገር ከሆነ፣ ለቀን የምንሰጠው ክብር ባዶ ነው ወይ? አንድ የሥራ ባልደረባዬ "አዎ፣ ባዶ ነው" ይላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። "ሟች ለማሰብ ቀን ያስፈልግሃል እንዴ? የምትወደው ሰው በማንኛውም ማክሰኞ ትዝ ይልሃል። ቀን ጠብቀህ የምታዝን ከሆነ ያንተ ሐዘን ኖቲፊኬሽን ነው" ይላል።

ሐሳቡ ያምራል። ግን እንደሚመስለኝ አንድ ነገር ዘሏል። እኔ ለብቻዬ የማስታውሰው ነገር ቀን አያስፈልገው ይሆናል፤ አብረን የምናስታውሰው ግን ያስፈልገዋል። አንተ ማክሰኞ፣ እኔ ዓርብ፣ እሷ ከሁለት ወር በኋላ ብናስታውስ ሦስታችንም አስታውሰናል፤ ግን አልተገናኘንም። ቀን ማለት ቀጠሮ ነው። ቀጠሮ ደግሞ ሰማይ ላይ የተጻፈ መሆን የለበትም። "ስምንት ሰዓት ፒያሳ እንገናኝ" ስንባባል ስምንት ሰዓት ላይ ፒያሳ ውስጥ የተለየ ተአምር ስላለ አይደለም። ስለተባባልን ነው።

እኛ ይሄን ከማንም በላይ ማወቅ ያለብን ሕዝብ ነን። ሰው ሲሞት ሣልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ መንፈቅ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ ብሎ ማኅበር የሚጠጣ ጎረቤት ወሩን የሚያውቀው በቀጠሮዎቹ ነው። "የሐበሻ ቀጠሮ" እያልን በራሳችን እንስቃለን፤ አንድ ሰዓት ተባብለን ሁለት ተኩል ላይ እንመጣለን። የሟች አርባ ላይ ግን ሰው "ነገ እደርሳለሁ" አይልም። ለምን? ቡና የቀጠረን ሰው ብናረፍድበት ይደውላል፣ ይቆጣል፣ ይረሳዋል። ሟች አይደውልም። ቀጠሮውን አስታውሶ ሊወቅሰን የማይችል ሰው ዘንድ መቅረት ስለሚከብደን ይመስለኛል። እዚህ ላይ ነው ባልደረባዬን የማልቀበለው። ቀን ጠብቆ ማሰብ የስሜት ማነስ አይደለም። ስሜት የሌለን ዕለትም እንድንገኝ የገባነው ቃል ነው።

እሺ፣ ቀን ቀጠሮ ነው እንበል። ቀጠሮ ግን ቀጣሪ አለው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ የከበደውም ይሄ ነው፤ ቀኑን የቆረጠው ማን ነው? ስንቆርጠውስ ማንን ውጭ ተውን?

ሚያዝያ 27ን ውሰዱ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ። ልጅ ሆነን ስንሰማው "በዚያችው ቀን!" ብለን የምንደነቅበት ነገር ነው። ግን አጋጣሚ አይደለም። ከተማዋ ከጣልያን እጅ የወጣችው ከአንድ ወር ገደማ በፊት፣ መጋቢት 28 ላይ ነው። ያስለቀቃት በእንግሊዞች የሚመራ፣ ደቡብ አፍሪካውያንና ሌሎች አፍሪካውያን ወታደሮች የነበሩበት ጦር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ነበሩ፤ ከዋና ከተማቸው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ። እንግሊዞቹ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለቀሩት በሺዎች ለሚቆጠሩ ጣልያናውያን ሲቪሎች እንሰጋለን እያሉ፣ ቶሎ እንዲገቡ አልፈለጉም። መግባቱ ከዘገየ አይቀር ቀኑ ተመረጠ።

ይሄ ማታለል ነው? አይመስለኝም። ያ ቀን የተናገረው ነገር እውነት ነው፤ "የተዘጋው በር በተዘጋበት ቀን ተከፈተ" ይላል። መጋቢት 28 ሌላ ነገር ይናገራል፤ ከተማዋን ያስለቀቀው ማን እንደሆነ። ለዚህ ይመስለኛል ደርግ በዘመኑ የድሉን በዓል ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 ያዛወረው፤ የንጉሡን መመለስ ማክበር አልፈለገም። ደርግ ሲወድቅ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ድሉ አንድ ነው፣ ሟቾቹ አንድ ናቸው፤ በየዘመኑ የተቀየረው ቀጣሪው ነው።

አሁን ደግሞ ጎንደር ሆናችሁ አስቡት። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ እልል ሲባል ጎንደር ገና በጣልያን እጅ ነበረች። እዚያ የቀረው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከ"ድል ቀን" በኋላ ባሉት ከስድስት ወር በላይ ጊዜያት እዚያ አካባቢ ሲዋጋ የሞተ አርበኛ፣ በካላንደራችን መሠረት፣ ድሉ ካለቀ በኋላ ነው የሞተው። እናቱ ይሄን ብትሰማ ምን ትል ነበር?

ቀን የሚያስቀረው ሰው ሁልጊዜ በፖለቲካ ምክንያት የቀረ ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ቁጥሩ ራሱ ጠባብ ስለሆነ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የጣልያኑ አልጋ ወራሽ ልጅ ስለተወለደለት ደስታ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሆነው ቦታ፣ ለድሆች ምጽዋት ያድል ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፤ ግራዚያኒ ቆሰለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በጥይት፣ በአካፋ፣ በዱላ፤ ቤት በሰው ላይ እየተዘጋ በእሳት። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው፤ ከዚያ ያነሰ ግምት የሚሰጡ የታሪክ ሰዎችም አሉ።

ግድያው ግን አንድ ቀን አልነበረም። ሦስት ቀን ነው የቆየው፤ 12፣ 13 እና 14። እኛ ስም የሰጠነው ለመጀመሪያው ነው። ሐውልቱ የካቲት 12፣ ሆስፒታሉ የካቲት 12፣ ጉንጉን አበባው የሚቀመጠው የካቲት 12። ከሦስት ወር በኋላ፣ ግንቦት 12 በተክለ ሃይማኖት በዓል ምእመናን ደብረ ሊባኖስ በተሰበሰቡ ማግሥት፣ ግንቦት 13 ላይ፣ መነኮሳቱ ተረሸኑ። ይሄንንስ ስንቶቻችን በቀኑ እናውቀዋለን? "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" እንላለን። ግን የተወጋው ራሱ ካለፈ፣ ልጁም ካለፈ፣ አለመርሳቱ የማን ሥራ ይሆናል? የካላንደሩ ይሆናል። ካላንደሩ ደግሞ እኛ የጻፍንለትን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ይሄን የማነሳው የእኔ ዘመን ልጆች ታሪክን በብዛት የምናገኘው በቀን ስለሆነ ነው። ስልካችንን ስንከፍት "ዛሬ በታሪክ" የሚል ዝርዝር ይመጣል፤ በዚህ ቀን አንድ ዘፋኝ ተወለደ፣ በዚህ ቀን አንድ መርከብ ሰጠመ፣ በዚህ ቀን ሰዎች ተጨፈጨፉ፣ በዚህ ቀን እገሌ ዋንጫ በላ። ለኮድ ጸሐፊው ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። አንድ ሰንጠረዥ፣ አንድ የቀን ዓምድ፣ አንድ የጽሑፍ ዓምድ። አውራ ጣታችን እልቂቱንም ዋንጫውንም በአንድ ፍጥነት ያልፋቸዋል። እኔ ይሄን ዓይነት ዝርዝር እወዳለሁ፤ የሳሞአን የጠፋች ዓርብ ያወቅሁት እንደዚያ ነው። ግን ዝርዝሩ ቀጠሮን ወደ ወሬ ይቀይራል። ቀጠሮ "የት ነህ?" ይላል። ዝርዝሩ "ገራሚ ነው አይደል?" ብሎ ያልፋል።

መፍትሔው ተጨማሪ በዓል ማወጅ አይመስለኝም። 365 ቀን ለሁሉም ሟች አይበቃም፤ ሁሉም ቀን ቀጠሮ ከሆነ ደግሞ ማንም የትም አይደርስም። እኔ ለራሴ የያዝኩት አሠራር ቀላል ነው። አንድን ቀን ሳከብር ቀኑ የማይሸፍነውን አንድ ሰው አብሬ እጠይቃለሁ። ሚያዝያ 27 ላይ ጎንደርን። የካቲት 23 ላይ ድሉ ማግሥት ቁስሉን ይዞ በእግሩ ወደ ሸዋ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ሐረር የተመለሰውን ወታደር፤ እሱ ቤቱ የገባበት ቀን የትኛውም ካላንደር ላይ የለም።

የካቲት 12 ላይ ደግሞ ማግሥቱን። የካቲት 13 ጠዋት ስድስት ኪሎ ሥራ ላይ ናት። ታክሲው ይጣራል፣ ተማሪው ወደ ክፍል ይሮጣል፣ ትናንት የተቀመጠው አበባ ሐውልቱ ሥር ገና አልደረቀም። በ1929 በዚህ ሰዓት ግድያው ገና መሃሉ ላይ ነበር። በዚያ ጠዋት ያልሞቱ፣ ማታ ወይም በነጋታው ግን የሞቱ ሰዎች አሉ። እኛ የቀጠርናቸው ትናንት ነበር።