የሠራው ወይስ ያሠራው?

እህቶቼ፣ ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ የቤቱ ትልቁ ልጅ መኪና ነው። ባለፈው ወር ትንንሾቹን ከትምህርት ቤት ይዘን ስንመለስ፣ ማርሚታ ሊያስቀይር ማቤላ ሰናዒያ ይዞን ገባ።

በያጁ የባንግላዴሽ ልጅ ነው። ቱቦውን በማሽን ሲያጥፈው ቆሜ አየሁ። ወንድሜ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይሄንኑ ስለሚሠራ ትንሽ አውቃለሁ። ባዶ ቱቦ ዝም ብሎ ቢታጠፍ መታጠፊያው ላይ ይጨፈለቅና ጭሱ መውጫ ያጣል። ማሽን ከሌለ ደረቅ አሸዋ ይሞላበታል፣ ጫፍና ጫፉ ይደፈናል፣ በእሳት ግሎ ይታጠፋል። አሸዋው እርጥብ ከሆነ እንፋሎቱ ሊፈነዳ ይችላል። ብየዳው ላይ ደግሞ ቀዳዳ ከቀረ ጭሱ መኪናው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ እዚያ ጭስ ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ አለ። የቀልድ ሥራ አይደለም።

ልጁ የፈለገው ግን ድምፅ ነው። ድምፁን የሚያበርደው፣ ሆዱ ውስጥ ክፍልፋይና ብስ ብስ ቱቦ ያለው ሳጥን ተቆርጦ ወጣ፤ በቦታው ባዶ ቱቦ ተበየደ። ብየዳው እንደ ሹሩባ የተደረደረ፣ የሚያምር ነበር።

በዚያው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መኪናው ሲገባ ያስተኛሁት ሕፃን ተነሣ። የታመሙት አያታቸውም ደንግጠው አደሩ። ጠዋት «ያ የሚያጓራው ምንድን ነው?» አሉኝ። ልጁ ቀድሞ «ከመንገድ ነው በያት» ብሎኝ ነበር። እንደዚያው አልኳቸው።

ወንድሜን በድምፅ መልእክት ጠየቅኩት፣ እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣ ምን ታደርጋለህ ብዬ። «እኔ እምቢ ብል ጎረቤቴ ይሠራዋል» አለኝ። ተናደድኩበት። ኋላ ሳስበው ግን፣ ስዋሽ ለራሴ ያልኩት ይሄንኑ ነው፤ እኔ ባልል ሌላ ሰው ይላል።

ጎረቤት ይሠራዋል ማለት እጁን የሌላ ሰው እጅ አያደርገውም። ብየዳው የሱ ነው፣ ውሸቱም የኔ። ግን እኩል አይደለንም። ወንድሜ አንድ ደንበኛ ቢሄድበት ሌላ ይመጣለታል። የማቤላው ልጅና እኔ የመኖሪያ ወረቀታችን በከፊላችን ስም ነው፤ «አይሆንም» ማለት ለእኛ አውሮፕላን ሊያሳፍር ይችላል። ስለዚህ ትልቁ ድርሻ ያዘዘው ላይ ነው። ትልቁ አልኩ እንጂ ሁሉም አላልኩም። «የታዘዘ አይጠየቅም» ከምትሉኝ እህቶች ጋር እዚህ ላይ እንለያያለን።

አያትየዋ ትናንት ደግመው ጠየቁኝ። «የልጅ ልጅዎን ይጠይቁት» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ልጁ እስካሁን አላናገረኝም፤ መኪናው ግን ትናንት ሌሊትም እያጓራ ገባ።