በጋራ ሰነድ ላይ የጋራ ቃል

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። እናመሰግነዋለን፣ እርዳታውን እንጠይቃለን፣ ምሕረቱን እንለምናለን፣ ከነፍሳችን ክፋትም በእርሱ እንጠበቃለን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን። አማ በዕድ።

የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ። ተቅዋ የሚፈተነው በሰላትና በጾም ብቻ አይደለም፤ ቃል ስንገባ፣ ውል ስንፈርም፣ ሰው በሰው ላይ ሥልጣን ሲይዝም ይፈተናል። ዛሬ የምንነጋገረው የሀገር ሕግ ሲወጣ ሃይማኖት ምን ቦታ ሊኖረው እንደሚገባ ነው። ይህ የፖለቲከኞች ጉዳይ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ይኖራል። እኔ ግን ኢማናችንን የሚነካ ጉዳይ ሆኖ ስለማየው ከሚንበር ላይ አነሳዋለሁ።

ከሑደይቢያ እንጀምር። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሶሓቦቻቸው ጋር ለዑምራ ከመዲና ወጡ። ቁረይሾች መንገድ ዘጉባቸው። ከብዙ መልእክት መመላለስ በኋላ የዕርቅ ውል ሊጻፍ ሆነ። ቁረይሾችን ወክሎ የመጣው ሱሀይል ኢብኑ ዐምር ነበር፣ ጸሐፊው ደግሞ ዐሊይ (ረ.ዐ)። ዐሊይ የነቢዩን ስም ከነመልእክተኛነታቸው ሲጽፉ ሱሀይል አልቀበልም አለ። መልእክተኛ መሆንህን ብናምንማ ኖሮ መች ከካዕባ እንከለክልህ ነበር፣ የአንተንና የአባትህን ስም ብቻ ጻፍ ሲል ተከራከረ። ዐሊይ ያንን ቃል በገዛ እጃቸው ለማጥፋት ልባቸው እምቢ አላቸው። ነቢያችን ግን ቦታውን አሳዩኝ ብለው ራሳቸው አጠፉት። ሙሐመድ የዐብደላህ ልጅ ተብሎ ተጻፈ።

ጀመዓ ሆይ! ይህን ታሪክ ስለ ትዕግሥት ስንናገር ደጋግመን ሰምተነዋል። እዚህ ላይ ግን ስለ ሕግም ትልቅ ትምህርት አለ። ነቢይነታቸው ከወረቀቱ ስለተፋቀ ከእውነቱ ላይ ቅንጣት አልጎደለም። ሱሀይልም ያላመነበትን ነገር እንዲፈርም አልተገደደም። ሁለት ወገን የሚፈርመው ሰነድ ሁለቱም ሊፈርሙበት በሚችሉት ቃል ተጻፈ፣ ከዚያም ነቢያችን ውሉን አከበሩት። ያ ብዙ ሶሓባ የከበደው ውል በአል-ፈትሕ ምዕራፍ ግልጽ ድል ተብሎ ተነገረ።

አንዳንድ ወጣቶች ይጠይቃሉ፦ የአላህ ሕግ ከሰው ሕግ ይበልጣል ብለን ካመንን እንዴት የሃይማኖትና የመንግሥትን መለያየት እንቀበላለን? ጥያቄው የቅን ልብ ጥያቄ ነውና መልስ ይገባዋል። የአላህ ትእዛዝ በእኔ ላይ ግዴታ የሚሆነው ስላመንኩ ነው፤ ፖሊስ ስለቆመብኝ አይደለም። በአል-በቀራ ምዕራፍ ቁጥር 256 በሃይማኖት ማስገደድ እንደሌለ ተነግሮናል። በዩኑስ ምዕራፍ ቁጥር 99 ደግሞ ነቢያችን ራሳቸው ሰዎችን አማኝ እንዲሆኑ ሊያስገድዱ እንደማይችሉ ተነግሯቸዋል። ለእርሳቸው ያልተሰጠ ሥልጣን ለአንድ የምክር ቤት አባል ከየት ይመጣለታል?

ገዥ እምነትን በአዋጅ ሲጽፍ የሚጎዳው ሌላው ሃይማኖት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ218 ዓመተ ሂጅራ ኸሊፋው አል-መእሙን ቁርኣን ፍጡር ነው የሚለውን አስተምህሮ ቃዲዎችና ዑለማዎች ሁሉ እንዲቀበሉ አዘዘ። ያልተቀበለ ከሥራው ተነሳ፣ ታሰረ። ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበል እምቢ በማለታቸው ታሰሩ፤ በአል-መእሙን ወንድም በአል-ሙዕተሲም ዘመንም ተገረፉ። የታሰሩት በሙስሊም ኸሊፋ እጅ፣ ሰላት በሚሰገድበት ከተማ፣ በሃይማኖት ስም ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ኸሊፋው አቡ ጀዕፈር አል-መንሱር የኢማም ማሊክን ሙወጧእ በግዛቱ ሁሉ ሕግ ላድርገው ሲላቸው ኢማም ማሊክ አልፈቀዱም። ሶሓቦች በየሀገሩ ተበትነዋል፣ የየሀገሩ ሰውም ከእነርሱ የተማረውን ይዟል፣ በያዙት ተዋቸው አሉት። ደራሲው የገዛ መጽሐፉ ሕግ እንዳይሆን ሲከላከል አስቡ! የእኛም ሀገር የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀብ ተከታዮች ጎን ለጎን የሚኖሩባት ናት። ሸሪዓ በአዋጅ ይውጣልን የሚል ሰው አስቀድሞ የማንን ፊቅህ፣ በማን ብዕር የሚለውን ይመልስ።

አሁን ወደ ወሎ እንምጣ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። ጉባኤው የሚታወሰን በሙስሊሞች ላይ ባመጣው መከራ ነው። የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሳ ታዘዘ። የወሎው ገዥ ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ሼኽ ጦልሓ ኢብኑ ጃዕፈር ደግሞ እምቢ ብለው ሕዝቡን አስነሱ። ስንቱ ሀገሩን ጥሎ ተሰደደ፣ ስንቱ ቀን በሰው ፊት ክርስቲያን፣ ሌሊት በቤቱ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። አያቶቻችን ይህን በልባቸው ይዘውት አልፈዋል።

ነገር ግን ያው ጉባኤ በክርስቲያኖቹ መካከል የነበረውን የጸጋ ልጅ አስተምህሮም አውግዞ ከልክሏል። ያንን ትምህርት ከአባቶቹ የተቀበለ ክርስቲያንም በንጉሥ ትእዛዝ እምነቱን እንዲተው ተጠየቀ። ቤተ መንግሥት ሃይማኖትን ሲበይን የአንዱን መስጂድ ነክቶ የሌላውን ደብር አይምርም። ይህን የምናገረው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። ዙልም የደረሰበት ሕዝብ የዙልሙን ምንጭ በትክክል ማወቅ ስላለበት ነው፤ ምንጩም ጎረቤታችን ሳይሆን የእምነትና የሰይፍ በአንድ እጅ መያዝ ነው።

ይህ አሠራር በሃያኛው ክፍለ ዘመንም በሕግ ጸንቶ ነበር። ሀገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው የሚለው ቃል በየአደባባዩ ሲነገር፣ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 ግን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደነገገ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ የሚል ነበር። ክርስቲያን ወገኖችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። እነዚያ አባቶችና እናቶች የእኛን ሃይማኖት በዙፋኑ ላይ አስቀምጡልን አላሉም። ዙፋኑ ከሃይማኖት ይለይ አሉ። ከአማና ሁሉ የከበደ አማና ያስረከቡን በዚህ ነው።

ይህን እላለሁ፤ ለእኔም ለእናንተም ከአላህ ምሕረትን እለምናለሁ።

ሁለተኛው ኹጥባ

ምስጋና ለአላህ፣ ሰላትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይሁን።

ወንድሞቼና እህቶቼ! የጠየቅነው ዛሬ ተጽፏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሳው የሙስሊሞች ሰላማዊ ድምፅም የተመረኮዘው በዚሁ ላይ ነበር፦ አንድ አስተምህሮ በመንግሥት ክንድ አይጫንብን፣ የመጅሊስ መሪዎቻችንን ራሳችን እንምረጥ። መጅሊሳችን በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1207 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም በአዋጅ መታወቅ ማለት ለባለሥልጣን ማደር ማለት አይደለም። ኢማምን የሚሾመው ጀመዓው ነው፣ ፈትዋ የሚሰጠውም ዓሊም።

መለያየት ማለት አማኝን ከአደባባይ ማባረር እንዳልሆነም አጥብቄ እናገራለሁ። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሴት ልጆቻችን በሂጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ሲከለከሉ ያዘነ ሁሉ በሀቅ አዝኗል። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው፣ ፀጉሩ የልጅቱ። ያቺ ምድር እኮ ነጃሺ ክርስቲያን ንጉሥ ሆነው ሳለ ሙስሊም ስደተኞችን የተቀበሉባት፣ ቁረይሾች አሳልፈህ ስጠን ሲሏቸውም መጀመሪያ የስደተኞቹን ቃል አቀባይ ጃዕፈርን ያዳመጡባት ምድር ናት። በሃይማኖቴ ግቡ አላሏቸውም፤ በሰላም ኑሩ አሏቸው።

አሁን ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተጠናክረዋል። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ወቅፍ፣ ውርስ ወደ ቃዲ ይሄዳል፣ ግን በፈቃድ። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት አንድ ውሳኔ ሰጠ። አንዲት ሙስሊም ሴት በውርስ ክርክር በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈልግም ስትል ከመጀመሪያው ተቃውማ ነበር። ጉዳዩ ግን ያለ ፈቃዷ ታይቶ በየደረጃው ጸና። ምክር ቤቱ ያንን ሁሉ ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ሻረው።

ያኔ ቅር ያላቸው ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። እኔ ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ፤ ለዲናችን ክብር ስል እላለሁ። አንዲት ሙእሚን እህት ወደ ቃዲ የምትመጣው አላህን አምና፣ ፍትሕ አገኛለሁ ብላ ከሆነ መምጣቷ ዒባዳ ነው። እየተጎተተች ከመጣች ግን ምን ዒባዳ አለ? ቃዲዎቻችን ሰው ሮጦ የሚመጣባቸው እንዲሆኑ እንሥራ፤ የሴቷን ድርሻ ሳይሸራርፉ፣ የየቲሙን ሀቅ ሳያዘገዩ ይፍረዱ። ሸሪዓን የሚያስወድደው ይህ ነው።

ቁጥራችን በበዛበት ወረዳ ለምትኖሩ አንድ ቃል አለኝ። በዚያ ያለው ክርስቲያን ጎረቤት፣ እኛ ቁጥራችን ባነሰበት ቦታ ያለንበት ሁኔታ ላይ ነው። የአል-ማኢዳ ምዕራፍ ቁጥር 8 ለሕዝብ ያለን ጥላቻ እንኳ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያስጠነቅቃል፤ ምንም ያልበደለንን ጎረቤትማ እንዴት? በአንቀጽ 11 በአክሱም ተከራክረን በራሳችን ከተማ ልንረሳው አይፈቀድልንም።

በምክር ቤት የምትቀመጡ ሙስሊሞች ሆይ፣ ረቂቅ ሕግ ሲቀርብላችሁ የማያምንበት ዜጋም ሊቀበለው የሚችል ምክንያት እንዳለው መርምሩ፤ ከሌለው እጃችሁን አታውጡ። ጠበቆች፣ ጉዳያቸውን ለምታዩላቸው ሴቶች የመምረጥ መብታቸውን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እህቶቼ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርሳችሁ ችላ አትበሉ፤ ቀርባችሁ ፈቃዳችሁንም ተቃውሟችሁንም በአንደበታችሁ ተናገሩ፤ መቅረት እንደ መስማማት ሊቆጠር ይችላልና።

አላህ ሆይ፣ በመሪዎቻችን ልብ ፍትሕን አኑር፤ ከዙልም ጠብቀን፣ ዛሊሞችም አታድርገን። አሚን። ለሰላት ተነሡ።