ጨዋታና ሥራ ፈትነት

ብዙ ሰዎች ጨዋታንና ሥራ ፈትነትን እንደ አንድ ነገር ይቈጥሯቸዋል። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነበርሁ። አንድ ቀን ማታ የእኅቴ ልጅ በጃቫስክሪፕት ቋንቋ ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ፣ በብራውዘሩ ገጽ ላይ ኳስ ሲያነጥር አገኘሁትና «ይህ ለምን ይጠቅማል?» አልሁት። ልጁም አንዳች ሳይመልስ ገጹን ዘጋው። ከዚያ ወዲያ በፊቴ ሲሞክር አላየሁትም።

ጥያቄዬ ግን መልስ ነበረው። ኋላ ነገሩን ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ እንደ ተረዳሁት፣ ኳሲቱ እንድትወድቅ በየቅጽበቱ ፍጥነቷ ላይ ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል፤ መሬት ስትነካም አቅጣጫዋን መገልበጥና ፍጥነቷን ጥቂት መቀነስ ይገባል። ይህም ስሌት በአንድ ሴኮንድ 60 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። መቀነሱን የረሳ እንደ ሆነ ኳሲቱ ሳታርፍ ስትነጥር ትኖራለች፤ ልጁም ስቆ ያርመዋል። እንግዲህ መምህር በሰሌዳ ላይ የሚያስተምረውን የስበት ሕግ እርሱ በጨዋታ ይማረው ኖሯል።

ደግሞም ብራውዘር ለጀማሪ የተመቸ ሜዳ ነው። በገጹ ላይ ያለው ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያሉትን ሰነዶች እንደ ልቡ እንዳይነካ ታጥሯል፤ ስለዚህ የተሳሳተ ሰው ገጹን እንደገና መክፈት ይበቃዋል። ሕፃን እየወደቀ መሄድን እንደሚማር፣ ውድቀቱ በማይሰብርበት ቦታ ሰው ደፋር ይሆናል።

የእስፓኝ ተወላጅ የሆነው ሪካርዶ ካቤሎ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. የጉግል መፈለጊያ ገጽ ተገንጣጥሎ ወደ ታች የሚረግፍበትን ጨዋታ ሠርቶ ብዙ ሰው አሣቀ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ሰው፣ ቁመት፣ ወርድና ጥልቀት ያለው ምስል በብራውዘር ለማሳየት የሚረዳውን ስሪ ጄኤስ የተባለውን የፕሮግራም ስብስብ አወጣ፤ ዛሬም በብዙ አገር ያሉ ባለሙያዎች ይገለገሉበታል።

ይሁን እንጂ ጨዋታ ሁሉ እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራል ብዬ አልከራከርም፤ አብዛኛው በማግሥቱ ይረሳል። ለሌላ ሰው የሚገባውን ጊዜ የሚሰርቅ ወይም ተመልካችን ለማታለል የተሠራ ጨዋታም ንጹሕ አይባልም። ነገር ግን ማንንም የማይጐዳ፣ በትጋትም የሚሠራ ጨዋታ ዋጋው በገጹ ላይ በሚታየው ነገር አይለካም። ሠሪው ሳይታዘዝ መመራመርን፣ ሳይገሠጽም ስሕተቱን ማረምን ይለምዳል። ሥራ ፈት ግን ምንም ስለማይሞክር ምንም አያርምም።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖር «ለምን ይጠቅማል?» ብለህ አትጀምር። «እንዴት አደረግኸው?» በለው፤ አጠገቡም ተቀምጠህ ስማው። እኔ ይህን ሳልጠይቅ በመቅረቴ የዘጋሁት የኮምፒዩተር ገጽ ብቻ አልነበረም።