ለሕሙም የሚገባ እውነት

የሰው ልብ ቫልቭ የሚባሉ አራት በሮች አሉት፤ ደም ወደ ፊት ሲሄድ ይከፈታሉ፥ ወደ ኋላም እንዳይመለስ ይዘጋሉ። በአገራችን እነዚህን በሮች በብዛት የሚያበላሸው ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳት ነው። በጊዜው የሚሰጥ ፔኒሲሊን ይህን ይከላከላል፤ ፈጽሞ የተበላሸውን ቫልቭ ግን መድኃኒት ብቻውን አያድሰውም። እ.ኤ.አ. በ1960 አልበርት ስታርና ሎዌል ኤድዋርድስ በሠሩት ቫልቭ የታመመውን መተካት ተቻለ። በአዲስ አበባም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ተቋቁሞ ቀዶ ሕክምና ይሰጣል።

እንግዲህ በሐዋሳ አጠገብ በቡሹሎ የምትኖር፥ ልቧ እጅግ የደከመ አንዲት እናት አለች እንበል። ቀዶ ሕክምናው ሊያድናት ይችላል፤ ሊገድላትም ይችላል። ዘመዶቿ «ትደነግጣለች» ብለው ነገሩን ይሰውሩባታል። ይህ ይገባልን?

ከፍቅር የመጣ መሆኑን አንክድም። መርዶንም ጊዜ ጠብቆ መንገር የአባቶቻችን ልማድ ነው። ነገር ግን መርዶ ስለ ሆነው ነገር ይናገራል፤ ቢዘገይም የሚለወጥ የለም። የሐኪም ቃል ግን ገና ስለሚመረጠው ነውና፥ ያን የሰወረ ሰው ምርጫዋን ወሰደባት።

ደግሞም ሸክሙን የምትሸከመው እርሷ ናት። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተተካለት ሰው ደም እንዳይረጋበት ዕድሜውን ሙሉ ዋርፋሪን ይውጣል፥ ደሙንም እየቆየ ያስመረምራል። መድኃኒቱ ጽንስን ስለሚጎዳ፥ ለመውለድ የምታስብ ሴት አስቀድማ ልታውቅ ይገባል። ይህን ያልሰማች «ድኛለሁ» ብላ ወይም ጠበል ገብታ መድኃኒቱን ብትተወው፥ የረጋ ደም ቫልቩን ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ እውነቱን መንገር ራሱ ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው።

«አደጋ ወዳለበት መግባት እግዚአብሔርን መፈታተን ነው» የሚሉ አሉ። ያለ ምክንያት በሞላ ወንዝ የሚገባ በእውነት ይፈታተናል፤ እሳት ሸሽቶ የሚሻገር ግን ሕይወቱን ይጠብቃል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያስተምራል። መክራና መዝና «ይቅርብኝ» ያለችም ተስፋ ቆርጣለች አይባልም።

እንግዲህ ወገኖች ሆይ፥ እውነቱን በለሰለሰ ቃል፥ እጇን ይዘን እንንገራት። ለመናዘዝ፥ ልጆቿን ለሚያሳድግ አደራ ለመስጠት፥ የተጣላችውንም ለመታረቅ የምትችለው ዛሬ አንደበቷ ሳይዘጋ ነውና።