የሰማ ላልሰማ

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሳንጃ ላይ የሚኖር ሰው ምን አጣ? መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ወሬ አጣ። ጠጋ ብለን ስናየው ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም። ሳንጃ ከጎንደር ወደ ሑመራ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለች የታች አርማጭሆ ከተማ ናት። በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ሹፌሩ፣ ነጋዴው ያየውን ይዞ ያልፍባታል። በደጁ የሆነውንማ ከየትኛውም ጋዜጠኛ አስቀድሞ የሚያውቀው ነዋሪው ራሱ ነው። እንግዲህ የሚያውቀውን ሰው ዝም ማሰኘት ለምን አስፈለገ?

ብቻን ማወቅና አብሮ ማወቅ ሁለት ነገር ስለሆነ ነው። ዳኛው ጉቦ እንደሚበላ መቶ ሰው ለየብቻው ቢያውቅ፣ መቶውም ጠዋት ጠዋት ለዳኛው እጅ ይነሣል። አንዱ ተነሥቶ ገበያ መሀል ጮክ ብሎ ቢናገረው ግን፣ አዲስ ነገር የሰማ ሰው ሳይኖር የዳኛው ወንበር ይነቃነቃል። ከዚያች ሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ሰው ጎረቤቱም ማወቁን ያውቃልና። ነገሥታቱ ይህ አልጠፋቸውም። ነጋሪት አስመትተው በአደባባይ ሲያሳውጁ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ያሰኙ የነበሩት ትእዛዙ የሁሉም የጋራ እውቀት እንዲሆን ነው።

የመንግሥት ግልበጣ ይህን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ገልጦ ያሳያል። በታኅሣሥ 1953 ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጀኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ አዲስ አበባን ያዙ። ታኅሣሥ 5 ቀን አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን የአዲሱን መንግሥት አዋጅ በሬዲዮ አነበቡ። ወድደው ነው ወይስ ተገድደው የሚለው ብዙ አከራክሯል። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ ያን ዕለት የዘውዱ ወራሽ በዜና አንባቢ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቃሉን ሌላ ሰው ጽፎታል፣ መሣሪያ የያዘው ሌላ ሰው ነው፣ የእርሳቸው ድምፁ ብቻ ነው። ሬዲዮውን የሚሰማው ሰው ክፍሉን አያይም። የተሰጠውን ወረቀት የሚያነብ ጋዜጠኛ ሁሉ ያን ወንበር ያውቀዋል።

ለንጉሡ የታመነው ወገንስ ምን አደረገ? ተኩሱ ሳያንስ ወረቀት በተነ። የፓትርያርኩ የአቡነ ባስልዮስ ውግዘት ታትሞ ከአውሮፕላን በከተማዋ ላይ ወረደ። ዘዴው ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም። በመጋቢት 1922 የበጌምድር ገዥ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ ከንጉሥ ተፈሪ ጦር ጋር አንችም ላይ ሲገጥሙ፣ ከቦምቡ አስቀድሞ በሠራዊታቸው ላይ የዘነበው ከጉግሣ ጋር የቆመ ውጉዝ ነው የሚል ወረቀት ነበር። ከዚያ ሠራዊት ፊደል የለየው ጥቂቱ ነው። ቢሆንም አንድ ካህን ወረቀቱን አንሥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ካነበበ፣ ወታደሩ መስማት ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የቆመው ጓደኛው መስማቱንም ያያል። ጦር ልቡ የሚፈታው በዚያች ቅጽበት ይመስለኛል።

ሳንሱር ግራ የሚያጋባ ጠባይ አለው፤ ምንም ያልተጻፈበትንም ይፈራል። እ.ኤ.አ. በ1975 በሕንድ የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ኢንዲያን ኤክስፕረስ ጋዜጣ የርእሰ አንቀጹን ቦታ ባዶ አድርጎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ባዶ መተውም ተከለከለ። ባዶ ወረቀት ምን ምሥጢር ያወጣል? ምንም። ግን ያየው አንባቢ ሁሉ ሌላውም እንዳየው ያውቃል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2005 የኔፓሉ ንጉሥ ጋያኔንድራ ሥልጣን ጠቅልለው ሲይዙ ስልክ ተቆረጠ፣ ወታደሮች ዝግጅት ክፍል ገብተው ቆሙ፣ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ዜና እንዳያሰሙ ታገዱ። በካትማንዱ አንድ ጋዜጣ ርእሰ አንቀጹን ስለ ካልሲ ጻፈ። አገሩ ሁሉ ገባው።

የእኛው ትልቁ ማስረጃ ግን የወሎ ረሃብ ነው። የሚራበው ያውቃል፣ አገረ ገዥው ያውቃል፣ በየመንገዱ የወደቀውን ያየ መንገደኛ ሁሉ ያውቃል፤ ጋዜጣው ዝም ይላል። የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀጣጥሎ፣ በ1967 የዘመን መለወጫ ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ መስከረም 2 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ያወረዳቸው ፊልሙ ነው አልልም፤ ወራት የፈጀ ሥራ ተሠርቶ ነበር። ያን ያደረገው ደርግ ግን የአንዲት ማታን ጉልበት በሚገባ አይቶ ነበርና በሩን በራሱ ላይ እንዳይከፈት መልሶ ዘጋው።

ወሬ ሰው ያስገድላል፣ በጦርነት ጊዜ መንግሥት ዝም ማሰኘት አለበት የሚሉ አሉ። ስጋቱ እውነት ነው፤ በሐሰት ወሬ ደም ፈስሷል። ግን የሚጋደሉ ወገኖች ተነጋግረው የሚያረጋግጡበት መንገድ ሲዘጋ የሚቀረው ያው ወሬ ነው። ደግሞም የድሮው ሳንሱር ቢያንስ ያነብ ነበር፤ የሚሰርዘውን ዓረፍተ ነገር በዓይኑ አይቶ ነው የሚሰርዘው። መሥመር የሚቆርጠው ምንም አያነብም። የጦርነቱን ዜናም፣ እናት ለልጇ የምትልከውን መልእክትም በአንድ እጅ ያጠፋል። በ1985 የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቅድመ ምርመራ ሲሻር ይህ ገና አልታሰበም ነበር።

እውነቱን በልቤ ይዤዋለሁ፣ ጊዜው ሲደርስ እናገራለሁ የሚል ጋዜጠኛ ያሳዝነኛል እንጂ አልፈርድበትም። ይሁንና በልብ የተያዘ እውነት ማንም ሰው አለው፤ ጋዜጠኛን ጋዜጠኛ የሚያደርገው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ማሰማቱ ነው። ጋዜጠኛና ደራሲ በዓሉ ግርማ ይህን በሕይወቱ ከፈለበት። በዘውዱም በደርግም ጋዜጣና መጽሔት አዘጋጅቷል፣ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥ ከፍ ካለ ወንበር ደርሷል፣ በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ ሆኖ አይቷል። በዚያ ወንበር ላይ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ማንም አይነካውም ነበር። በ1975 ስለዚያ ዘመቻ የጻፈው «ኦሮማይ» የተባለ ልቦለዱ ሲወጣ በሹማምንቱ መካከል በሹክሹክታ የነበረው የአንባቢ ሁሉ ሆነ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ማን እንደወሰደውና የት እንደተቀበረ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ዛሬም በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ። ያ እውቀት ለቤተሰቡና ለአንባቢዎቹ በአደባባይ እስካልተነገረ ድረስ በበዓሉ ላይ የተጣለው ሳንሱር አልተነሣም።